ባለአድራሻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት

ባለአድራሻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተተከለ እያንዳንዱ የጭስ ወይም የሙቀት ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር የሚኖረው የማስጠንቀቂያ ዓይነት ነው። ይህ መለያ ቁጥር «አድራሻ» ይባላል። እሳት ሲነሳ መቆጣጠሪያ ፓነሉ «እሳት አለ» ብሎ ከመጮኽ አልፎ የትኛው ሴንሰር እንደነቃና ሴንሰሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ በስክሪኑ ላይ ያሳያል።

ሆኖም ፓነሉ ራሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። ቁጥር 43 ማለት የሦስተኛ ፎቅ መተላለፊያ ማለት መሆኑን የሚነግረው ሥርዓቱን ያዘጋጀው ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች መግጠም አለባቸው፦ በሴንሰሩ ላይ የተሞላው አድራሻ፣ በፓነሉ ውስጥ ለዚያ አድራሻ የተጻፈው የቦታ መግለጫ እና ሴንሰሩ በእውነት የተተከለበት ቦታ። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ደወሉ ይጮኻል፣ ሰው ግን ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። ሦስቱ መግጠማቸውን ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ሴንሰር በተተከለበት ቦታ ላይ ሄዶ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ታሪክ

የእሳት ማስጠንቀቂያን ከነቦታው የመላክ ሐሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዊልያም ቻኒንግና ሞዘስ ፋርመር የተባሉ ሰዎች በቴሌግራፍ ሽቦ የሚሠራ የከተማ እሳት ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ አዋሉ። በየመንገዱ የተተከለው ሳጥን የየራሱ ቁጥር ነበረው። እሳት ያየ ሰው የሳጥኑን እጀታ ሲያዞር በውስጡ ያለው ጥርስ ያለው ጎማ የኤሌክትሪክ መስመሩን እየከፈተና እየዘጋ የሳጥኑን ቁጥር ወደ ማዕከሉ ይልካል። በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ ምቶቹን ቆጥሮ የትኛው ሳጥን እንደሆነ ያውቃል። የዛሬው አድራሻ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ፍራንሲስ ሮቢንስ አፕተንና ፈርናንዶ ዲብል በሙቀት ለሚነቃ የኤሌክትሪክ እሳት ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኙ። አፕተን ከቶማስ ኤዲሰን ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ጭስን የሚለዩ ሴንሰሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተስፋፉ። ማይክሮፕሮሰሰር ከረከሰ በኋላ ደግሞ በእያንዳንዱ ሴንሰር ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አስገብቶ ቁጥር መስጠት ተቻለ።

የሥርዓቱ ዋና ዋና ክፍሎች

መቆጣጠሪያ ፓነል፦ መረጃ የሚሰበስብ፣ የሚወስንና ትእዛዝ የሚሰጥ ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ ወይም በጥበቃ ክፍል ይቀመጣል። የመብራት ኃይል ሲቋረጥ የሚተካ ባትሪ አለው።

የጭስ ሴንሰር፦ በብዛት የሚሠራበት በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ነው። በውስጡ ባለች ጨለማ ክፍል አንድ ብርሃን አመንጪና አንድ ብርሃን ተቀባይ በቀጥታ እንዳይተያዩ ሆነው ተቀምጠዋል። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ በጭሱ ብናኞች ላይ ተበትኖ ከተቀባዩ ይደርሳል። ሌላው ዓይነት አሜሪሲየም-241 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በትንሹ ይዞ በአየር ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የሚለካ ነው።

የሙቀት ሴንሰር፦ የተወሰነ የሙቀት መጠን ሲደረስ ወይም ሙቀቱ በፍጥነት ሲጨምር ይነቃል። በአውሮፓ መመዘኛ ኢኤን 54-5 ኤ1 ተብሎ የተመደበው ሴንሰር ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ከ54 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ መንቃት አለበት።

በእጅ የሚጫን ማስጠንቀቂያ፦ እሳት ያየ ሰው ራሱ የሚጫነው፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ያለው ሳጥን ነው። በመውጫ በሮችና በደረጃ አጠገብ ይተከላል።

ድምፅና ብርሃን ሰጪዎች፦ ደወል፣ ሳይረንና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ናቸው።

ሞጁል፦ የራሱ አድራሻ የሌለውን ዕቃ ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኝ ነው። ለምሳሌ ሊፍቱን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ፣ የጋዝ መስመር ለመዝጋት ወይም በውኃ መርጫ ቧንቧ ውስጥ ውኃ መፍሰሱን ለማወቅ ያገለግላል።

ከተራው ሥርዓት የሚለይበት

በተራው ሥርዓት ሕንፃው በዞን ይከፈላል። የአንድ ዞን ሴንሰሮች በሙሉ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ይያያዛሉ፣ በሽቦውም መጨረሻ ሬዚስተር ይገጠማል። አንዱ ሴንሰር ሲነቃ ከፍ ያለ ከረንት ይስባል፣ ፓነሉም «ዞን 3» የሚለውን መብራት ያበራል። በዞን 3 ውስጥ ሃያ ክፍሎች ካሉ የነቃው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክፍል ለክፍል መዞር ግድ ነው።

በባለአድራሻው ሥርዓት ሽቦው ከፓነሉ ተነስቶ በሴንሰሮቹ ሁሉ ውስጥ አልፎ ተመልሶ ወደ ፓነሉ ይገባል። ይህ ቀለበት «ሉፕ» ይባላል። ሉፑ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ፓነሉ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚደርስ ሴንሰሮቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ቢፈጠር ደግሞ በየመካከሉ የሚገጠሙት አይሶሌተሮች የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጠው ይለዩታል። በአውሮፓ መመዘኛ ኢኤን 54-2 መሠረት በሉፑ ላይ የሚደርስ አንድ ብልሽት ከ32 በላይ ሴንሰሮችንና በእጅ የሚጫኑ ማስጠንቀቂያዎችን ከሥራ ውጭ ማድረግ የለበትም።

ፓነሉ ከሴንሰሮች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ

የሥርዓቱ አሠራር መምህር በክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራው ነው። ፓነሉ አድራሻዎቹን በተራ ይጠራል፣ የተጠራው ሴንሰር ብቻ «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ጥሪውም መልሱም ለሴንሰሮቹ ኃይል በሚሰጠው በዚያው ጥንድ ሽቦ ላይ ይሄዳል። ሽቦው ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ከረንት የሚይዝ ሲሆን መልእክቱ በዚያ ላይ በሚደረጉ ፈጣን የቮልቴጅና የከረንት ለውጦች ይተላለፋል። የኮምፒዩተር ኔትወርክ የሚያውቅ አንባቢ ይህ በአንድ መስመር ላይ ብዙ መሣሪያዎች ተራ እየጠበቁ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል መሆኑን ይረዳል።

መልሱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የመሣሪያውን ዓይነት እና በወቅቱ የለካውን መጠን። ለምሳሌ አፖሎ የተባለው የእንግሊዝ አምራች ኤክስፒ95 በሚለው ምርቱ ንጹሕ አየር ውስጥ ያለ ሴንሰር 25 አካባቢ የሆነ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ 45 ሲደርስ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ 55 ሲደርስ ደግሞ የእሳት ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት እሳት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ፓነሉ እንጂ ሴንሰሩ አይደለም።

ይህ የሚላከው ቁጥር ለጥገናም ይጠቅማል። በሴንሰሩ ውስጥ አቧራ ሲጠራቀም ቁጥሩ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ብዙ ፓነሎች ይህን ቀርፋፋ ለውጥ እየተከታተሉ ያስተካክላሉ፣ ከልክ ሲያልፍም «ሴንሰሩ ቆሽሿል» የሚል መልእክት ያወጣሉ። የእሳት ጭስ ግን ቁጥሩን በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሻቅበው ከአቧራው ይለያል።

የአድራሻ አሰጣጥ

አድራሻ መስጠት የሚጀምረው መሰላል ላይ ከመውጣት በፊት፣ በወረቀት ላይ ነው። በሕንፃው ፕላን ላይ የእያንዳንዱ ሴንሰር ቦታ ምልክት ይደረግበታል፣ የሉፕ ቁጥርና አድራሻም ይጻፍበታል። ቁጥሮቹ ሽቦው የሚሄድበትን ቅደም ተከተል ቢከተሉ ኋላ ብልሽት ሲፈለግ ሥራው ይቀላል፤ 42 እየመለሰ 43 ካልመለሰ መጀመሪያ የሚታየው በሁለቱ መካከል ያለው ሽቦ ነው። በየፎቁ ጥቂት ቁጥሮችን ባዶ መተውም ወደፊት ሴንሰር ሲጨመር ቅደም ተከተሉ እንዳይበላሽ ይረዳል።

ቁጥሩ በመሣሪያው ላይ የሚሞላባቸው የተለመዱ መንገዶች አምስት ናቸው።

1. ዲፕ ስዊች፦ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲሆኑ የሚሠሩት በሁለትዮሽ ቁጥር ነው። ሰባት ስዊቾች ካሉ ዋጋቸው በተራ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ነው። 43 ለመሙላት 1 + 2 + 8 + 32 ስለሚሆን 1ኛው፣ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ስዊች ይበራሉ፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። በስህተት 3ኛው ቢነካ አድራሻው 47 ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች የበራውን 1፣ ሌሎች ደግሞ የበራውን 0 አድርገው ስለሚቆጥሩ መመሪያውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከላይ ያለው አቀማመጥ በተገላቢጦሽ ሲነበብ 84 እንጂ 43 አይሆንም።

2. የሚዞር ቁልፍ፦ በትንሽ ካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ክብ ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ የአሥር ቤት፣ ሌላው የአንድ ቤት ነው። ኖቲፋየር የተባለው አምራች በዚህ መንገድ ከ1 እስከ 159 ያሉ አድራሻዎችን ይጠቀማል። በዚሁ አምራች አሠራር ሴንሰሮችና ሞጁሎች የተለያየ የቁጥር ዝርዝር ስላላቸው በአንድ ሉፕ ላይ ሴንሰር 43 እና ሞጁል 43 ሳይጋጩ ሊኖሩ ይችላሉ።

3. ካርድ፦ አፖሎ በሚጠቀምበት መንገድ ሰባት ጉብታዎች ያሉት የፕላስቲክ ካርድ በሴንሰሩ መቀመጫ ውስጥ ይገባል። የማይፈለጉት ጉብታዎች ተነቅለው ከ1 እስከ 126 ያለ ቁጥር ይሠራል። ቁጥሩ ያለው በሴንሰሩ ላይ ሳይሆን ጣሪያው ላይ በቀረው መቀመጫ ነው። ስለዚህ ሴንሰሮች ለጽዳት ወርደው ተቀያይረው ቢመለሱም አድራሻው ከቦታው አይንቀሳቀስም።

4. በእጅ የሚያዝ ፕሮግራመር፦ ሴንሰሩ በፕሮግራመሩ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ በውስጡ ባለው ሜሞሪ ይጻፋል። ቁጥሩ በዓይን ስለማይታይ ወዲያው በሴንሰሩና በመቀመጫው ላይ ተለጣፊ ወረቀት ማድረግ ይገባል።

5. ራስ ሰር አሰጣጥ፦ ፓነሉ በመለያ ቁጥራቸው ወይም በሽቦው ላይ በተቀመጡበት ተራ ሴንሰሮቹን አግኝቶ ራሱ አድራሻ ይሰጣቸዋል። ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ፓነሉ የመደበው ቁጥር በየትኛው ክፍል እንዳለ አሁንም ሰው ሄዶ ማየት አለበት። በመሃል አዲስ ሴንሰር ሲጨመር የነበሩት ቁጥሮች እንዳይዛወሩም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቦታ መግለጫ አጻጻፍ

አድራሻው ከተሞላ በኋላ በፓነሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁጥር አጭር መግለጫ ይጻፋል። ጥሩ መግለጫ የሚጻፈው ሕንፃውን ለማያውቅ ሰው ነው። ማታ ተረኛ የሆነ አዲስ ጥበቃ ወይም ከውጭ የመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አንብቦ ሳይጠይቅ መሄድ መቻል አለበት። «3ኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ፣ የደረጃው ፊት መተላለፊያ» የሚለው ይረዳል። «ኮሪደር 2» ወይም የመሐንዲሱ የፕላን ኮድ ብቻ ግን አይረዳም። ፓነሉ የግዕዝ ፊደል የማያሳይ ከሆነ ከአጠገቡ ግድግዳ ላይ የአድራሻዎቹ ዝርዝርና የሕንፃው ፕላን በአማርኛና በአካባቢው ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ ተዘጋጅቶ ሊሰቀል ይችላል። የክፍሎች ስም ወይም አገልግሎት ሲቀየር መግለጫውም አብሮ መቀየር አለበት።

ፓነሉ የሚያገኛቸውና የማያገኛቸው ስህተቶች

ፓነሉ የሚከተሉትን ስህተቶች በራሱ ያገኛል፦

- ተጠርቶ የማይመልስ ሴንሰር። በወረደ፣ በተበላሸ ወይም አድራሻው በተሳሳተ ጊዜ ይህ ይታያል።
- ድርብ አድራሻ። ሁለት ሴንሰሮች አንድ ቁጥር ሲኖራቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ፣ መልሱም ይደበላለቃል።
- የዓይነት አለመግጠም። የጭስ ሴንሰር በሚጠበቅበት አድራሻ የሙቀት ሴንሰር ሲመልስ ነው።
- የሉፕ መበጠስ ወይም ሾርት።
- የሴንሰር መቆሸሽ።

የሚከተሉትን ግን አያገኝም፦

- የተቀያየሩ አድራሻዎች። በ14 ቦታ 41፣ በ41 ቦታ 14 ከተሞላ ሁለቱም በተጠሩ ጊዜ በትክክል ይመልሳሉ። ፓነሉ ሁሉም ደህና ነው ይላል።
- የተሳሳተ የቦታ መግለጫ።
- ያልተነሳ የአቧራ መከላከያ ክዳን። አዲስ ሴንሰር በግንባታ ወቅት አቧራ እንዳይገባበት የፕላስቲክ ክዳን ይደረግበታል። ክዳኑ ሳይነሳ ከቀረ ሴንሰሩ ኃይል ያገኛል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ የንጹሕ አየር ቁጥርም ይልካል። ጭስ ግን ሊገባበት አይችልም። ከፓነሉ ሲታይ እንዲያውም በሕንፃው ካሉት ሁሉ ንጹሑ ሴንሰር ይመስላል።
- በቀለም የተደፈነ ሴንሰር፣ ወይም ኋላ በተሠራ ግድግዳ የተነሳ ከሚጠብቀው ክፍል የተለየ ሴንሰር።

እነዚህን ለማግኘት የፓነሉን ስክሪን ማየት አይበቃም። ሄዶ ሴንሰሩን በጭስ መፈተን ያስፈልጋል።

የኖትር ዳም ቃጠሎ

የቦታ መግለጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል የደረሰው ቃጠሎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ጭሱን የለየው ሴንሰር በትክክል ሠርቷል። ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት ባወጣው ምርመራ መሠረት በፓነሉ ላይ የወጣው መልእክት የቤተ ክርስቲያኑን ክፍሎች የሚጠቅሱ ጥቂት ቃላትና «ዜድዲኤ-110-3-15-1» የሚል ኮድ ነበር። ይህ ኮድ በግቢው ውስጥ ካሉት ከ160 በላይ የጭስ ሴንሰሮችና በእጅ የሚጫኑ ማስጠንቀቂያዎች መካከል አንዱን ለይቶ የሚያመለክት ነው።

ሆኖም እሳቱን እንዲያይ የተላከው ጥበቃ የሄደው ከካቴድራሉ ጎን ወዳለው አነስተኛ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ነበር። በዚያ ምንም እሳት አልነበረም። ስህተቱ ታውቆ ወደ ዋናው ካቴድራል ጣሪያ ሥር ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ገደማ አልፎ ነበር፣ እሳቱም ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ነበር። ሥርዓቱ ለእሳት አደጋ ተከላካዮች በራሱ የሚደውል አልነበረም፤ አስቀድሞ ሰው ሄዶ ማረጋገጥ ነበረበት። አለመግባባቱ በማን በኩል እንደተፈጠረ የሚመለከታቸው ወገኖች የተለያየ ቃል ሰጥተዋል። በቃጠሎው የሞተ ሰው አልነበረም፣ ነገር ግን የካቴድራሉ የእንጨት ጣሪያና ሾጣጣው ግንብ ወድመዋል።

የሴንሰር ፍተሻ

ፍተሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኤሌክትሮኒክስ ፍተሻ ሲሆን ከፓነሉ በሚሰጥ ትእዛዝ ወይም ሴንሰሩ ላይ ማግኔት በማስጠጋት ይደረጋል። ይህ ሴንሰሩ ከፓነሉ ጋር እንደሚገናኝና ወረዳዎቹ እንደሚሠሩ ያሳያል። ጭስ ወደ ሴንሰሩ መግባት መቻሉን ግን አያሳይም። ሁለተኛው የተግባር ፍተሻ ነው፤ ሴንሰሩ እንዲለይ የተሠራበትን ነገር፣ ማለትም ጭስን ወይም ሙቀትን፣ ከውጭ በማቅረብ ይደረጋል።

ሥራው በሠለጠነ ባለሙያ መመራት ያለበት ሲሆን የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ለሕንፃው ተጠቃሚዎች የፍተሻው ሰዓት ይነገራል። ማስጠንቀቂያው ወደ ውጭ መቆጣጠሪያ ማዕከል ወይም ወደ እሳት አደጋ ተከላካይ የሚሄድ ከሆነ እነርሱም ቀድመው እንዲያውቁ ይደረጋል።

2. እንደ ሊፍት፣ የጋዝ ቫልቭና እሳት ማጥፊያ ጋዝ የሚለቁ መሣሪያዎች በድንገት እንዳይነቁ ለጊዜው ይለያሉ። የተለየው ሁሉ በወረቀት ይጻፋል።

3. ፓነሉ በፍተሻ ሁኔታ ላይ ይደረጋል። በዚህ ሁኔታ ሴንሰር ሲነቃ ደወሉ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሰማል፣ ፓነሉም ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

4. አንድ ሰው በፓነሉ፣ ሌላው በሴንሰሩ አጠገብ ሆነው በሬዲዮ ወይም በስልክ ይገናኛሉ።

5. በሴንሰሩ አጠገብ ያለው ሰው በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ኩባያ መሰል ክዳን ሴንሰሩን ሸፍኖ ለፍተሻ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጭስ ይረጫል።

6. ሴንሰሩ ሲነቃ በፓነሉ ያለው ሰው ያነበበውን አድራሻና የቦታ መግለጫ አስቀድሞ ይናገራል። ሌላኛው ከቆመበት ቦታና በእጁ ካለው ፕላን ጋር ያመሳክራል። «43 ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ አይደለም፤ በፓነሉ ያለው ሰው ሳያስተውል «አዎ» ሊል ይችላል።

7. ውጤቱ ወዲያው ይመዘገባል፣ ወደሚቀጥለው ሴንሰር ይታለፋል።

8. መጨረሻ ላይ የተለዩት መሣሪያዎች ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር እየተመሳከሩ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ከሴንሰሮቹ አንዱ ተለይቶ ከቀረ ፍተሻው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

የጭስ ሴንሰርን በክብሪት፣ በሲጋራ ወይም በሚቃጠል ወረቀት መፈተሽ አይገባም። እውነተኛ ጭስ በውስጡ ቅባትና ጥላሸት ይተዋል፣ ነበልባሉም ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። የሙቀት ሴንሰር የሚፈተሸው ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ እንጂ በነበልባል አይደለም። በሙቀት ቀልጦ የሚለቀቅ ክፍል ያላቸው የሙቀት ሴንሰሮች አንዴ ከነቁ ስለማይመለሱ በሙቀት አይፈተሹም፤ ለእነርሱ አምራቹ ሌላ መንገድ ያዝዛል። በእጅ የሚጫነው ማስጠንቀቂያ ደግሞ መስታወቱ ሳይሰበር በመፈተሻ ቁልፍ ይነቃል።

ሉፑ ራሱም ይፈተሻል። አንድ ሽቦ ሆን ተብሎ ሲነቀል ፓነሉ ብልሽት ማሳየት አለበት፣ ሁሉም ሴንሰሮች ግን መመለሳቸውን መቀጠል አለባቸው። በኢኤን 54-2 መሠረት ብልሽት በ100 ሰከንድ ውስጥ፣ የእሳት ምልክት ደግሞ በ10 ሰከንድ ውስጥ በፓነሉ ላይ መታየት አለበት።

የፍተሻ ጊዜ

የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 72 የጭስ ሴንሰሮች የተግባር ፍተሻ በየዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል። የሴንሰሮቹ የመንቃት መጠን ደግሞ ከተተከሉ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይለካል፤ ውጤቱ ሳይለዋወጥ ከቀጠለ ጊዜው እስከ አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። በእንግሊዝ ቢኤስ 5839-1 መሠረት ደግሞ በየሳምንቱ አንድ በእጅ የሚጫን ማስጠንቀቂያ፣ በየጊዜው የተለየ ሆኖ፣ ይሞከራል። የባለሙያ ጉብኝት ከስድስት ወር ባልበለጠ ልዩነት ይደረጋል፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥም ሁሉም ሴንሰሮች ይፈተሻሉ።

ባትሪውም ይፈተሻል። በኤንኤፍፒኤ 72 አጠቃላይ ደንብ መሠረት ባትሪው ሥርዓቱን ለ24 ሰዓት አቆይቶ ከዚያ በኋላ ደወሎቹን ለ5 ደቂቃ ማስጮኽ መቻል አለበት። መብራት ደጋግሞ በሚቋረጥበት ከተማ ባትሪው ስለሚደክም ይህ ፍተሻ ችላ ሊባል አይገባም።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ

እሳት ሳይኖር ደጋግሞ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ሰዎች ደወሉን እንዳያምኑ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሴንሰሩን በፌስታል መሸፈን ወይም ከፓነሉ መለየት ይመጣል። የተለመዱት ምክንያቶች የምግብ ጭስ፣ የውኃ እንፋሎት፣ አቧራና ወደ ሴንሰሩ የሚገቡ ነፍሳት ናቸው። ቡና በሚቆላበት፣ እጣን በሚጨስበት ወይም ምጣድ በሚጣድበት ክፍል የተተከለ የጭስ ሴንሰር መንቃቱ ብልሽት አይደለም፤ ጭስ አይቷል፣ ሥራውንም ሠርቷል። ስህተቱ ያለው በዓይነቱ ምርጫ ነው። ለወጥ ቤት የሙቀት ሴንሰር ወይም ጭስንና ሙቀትን አንድ ላይ የሚለካ ሴንሰር ይመረጣል። ዓይነቱ ሲቀየር በፓነሉ ውስጥ የተመዘገበው ዓይነትም አብሮ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ፓነሉ የዓይነት አለመግጠም ብልሽት ያሳያል።

የፍተሻ መዝገብ

ፍተሻ ያለ መዝገብ ዋጋው ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ሴንሰር የሚከተሉት ይመዘገባሉ፦ ሉፕና አድራሻ፣ ዓይነት፣ የቦታ መግለጫ፣ ከመፈተሹ በፊት የነበረው ቁጥር፣ ለመንቃት የወሰደው ጊዜ፣ የተገኘው ችግርና ቀኑ። ለማሳያ ያህል አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሉፕ 1፣ አድራሻ 43፣ የጭስ ሴንሰር፣ 3ኛ ፎቅ ምሥራቅ መተላለፊያ፣ ከፍተሻው በፊት 27፣ በ12 ሰከንድ ነቃ፣ በፓነሉ የታየው መግለጫ ትክክል ነው»። የአንድ ሴንሰር ቁጥር ዓምና 25፣ ዘንድሮ 33 ከሆነ በሐሰት ሳይጮኽ በፊት የሚጸዳበት ጊዜ መድረሱ ከመዝገቡ ይታወቃል።

በሕንፃው ላይ እድሳት ሲደረግ፣ ግድግዳ ሲጨመር ወይም ሴንሰር ሲተካ የተነካው ክፍል በሙሉ እንደ አዲስ ይፈተሻል፣ ፕላኑና መዝገቡም ይታረማሉ። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በፓነሉ አጠገብ ይቀመጣል።